የአራተኛው መስመር ጥቁር ክር

ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ እናቱን ሲወስድበት ቡራሌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከተራሮቹ ነው። እናትና ልጅ ወተታቸውን ሸጠው በደረቁ አሸዋ ላይ ወደ ማዶ ሲሻገሩ ጎርፉ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። እናቱ አጠገባቸው ወደነበረው የስልክ እንጨት ገፋችው። እሱ ያዘ፤ እሷ አልደረሰችም። ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያን እንጨት አቅፎ ቆየ። ከዳር ሰዎች ይጮኹ ነበር፤ ሊደርስበት የቻለ ግን አልነበረም።

ካደገ በኋላ እንጨት ከሚተክሉት ሰዎች ጋር ተቀጠረ። ምሰሶ ተሸከመ፣ ሽቦ ጎተተ፣ እያየ ተማረ። እኔ ሣህሉ ሳውቀው ከተማችን ውስጥ በነበረ አንድ ጆንያ ፋብሪካ የስልክ ሠራተኛ ሆኖ ነው። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዓረፍተ ነገሬ የሻከረበት አንባቢ ይታገሠኝ። ይህን ጽሑፍ ማንም አላረመልኝም፤ እንዲያርምልኝም አልጠየቅሁም።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ስልኮቹ ጥቂት ልናገር። ግቢው ውስጥ አርባ ስልክ ነበረ፤ እያንዳንዱም የውስጥ ቁጥር ነበረው። የቡራሌ ክፍል ሠላሳ ሁለት ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ከአጥሩ ውጭ ዋጋ የላቸውም። የውጭ ሰው የሚያውቀው የፋብሪካውን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ቁጥር ጀርባ አራት መስመሮች ነበሩ። አንደኛው ከተያዘ ጥሪው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛው ይደርሳል። በማዞሪያው ላይ ደወል ሲጮኽ ሰርካዲስ የምትባል ሠራተኛ አንስታ ወደተፈለገው የውስጥ ቁጥር ታገናኛለች።

ቡራሌ ማንበብ አይችልም ነበር። መዝገቡ ክር ነው። ከጆንያ መስፊያው ክር እየቆረጠ ሽቦዎቹ ላይ ያስራል። ቀይ ክር አዲስ የተቀየረ ሽቦ ነው፤ ነጭ ክር የሚያጠራጥርና የሚጠበቅ ነው። ጥቁር ክር ደግሞ «በትእዛዝ የቆረጥሁት ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ልቀጥለው» ማለት ነው። በየወሩ ሳጥኑን ከፍቶ ክሮቹን በጣቱ እየዳሰሰ ያልፋል። እንደዚያ ሲያደርግ አንድም ነገር ረስቶ አያውቅም።

በነሐሴ ስድሳ ዘጠኝ ጦርነቱ ከተማው ደጅ ሲደርስ አንድ የመቶ አለቃ ከፋብሪካው አንዱን ክፍል ያዘና አራተኛው መስመር ወደ ውጭ መደወያ ብቻ እንዲሆን አዘዘ።

«ከውጭ እንዳይጮኽብኝ። እኔ እስክልህ ድረስ።»

ቡራሌ የደወሉን ሽቦ ቆርጦ ጥቁር ክር አሰረበት። ወሩ እንደ እሱ ሶማልኛ የሚናገር ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ወር ነበርና፣ በዚያው ሳምንት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ሆዳንን ከእህቱ ከኪንሲ ጋር ወደ ጅቡቲ ሰደዳት። እናቷ ኡባህ በወሊድ ሞታለች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበረውም። ሆዳን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ «ሠላሳ ሁለትን ስጪኝ!» እያለች ሰርካዲስን የምታስቅ ልጅ ነበረች።

ጦርነቱ አለፈ፤ ወታደሮቹ ግን ክፍሉን አልለቀቁም። በሰባ ሁለት ቡራሌ በወባ ሁለት ሳምንት ተኛ። እኔ የምስክር ወረቀቴን ከተቀበልሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። የማነብበው አጥቼ የጆንያ ምልክት ሳይቀር የማነብበት ጊዜ ነበር። ኃላፊያችን «ሣህሉ፣ የቡራሌን የክር ጉድ በወረቀት ለውጥልን» ሲለኝ እንዴት እንደኮራሁ አልደብቅም። ሳጥኑን ከፈትሁ። መስመሮቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ሞከርሁ። አራተኛውን ሳነሳው ድምፅ አለው፤ ወደ ውጭም ይደውላል። በጥሩ እጅ ጽሑፍ «አራተኛ መስመር፣ ደህና» ብዬ ለጠፍሁ። ክሮቹን ሁሉ ቆርጬ ከጥራጊው ጋር ጣልኋቸው። ወታደሮቹም በዚያው ሰሞን ለማንም ምንም ሳይሉ ለቀው ሄዱ።

ቡራሌ ከሕመሙ ሲመለስ ሳጥኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«አቦ፣ ጓድ ጸሐፊ፣ ሽቦዎቼን ላጭተሃቸዋል!»

«ዘመኑ የወረቀት ነው» አልሁት።

«ሁሉም አለ?»

«ሁሉም ተጽፏል።»

አመነኝ። ከዚያ ወዲያ የወሩን ዙር ተወው፤ ጣቱ የሚዳስሰው ነገር አልነበረም።

በሰባ ሦስት ጥቅምት ላይ ዒሴ የተባለ የባቡር ሠራተኛ ከጅቡቲ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከሆዳን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞታለች ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ለቡራሌ አነበብሁለት።

«አባቴ፣ በሕይወት እንዳለህ ዒሴ ነገረኝ። ያን ቀን ወደ ፖስታ ቤት ሮጬ ሠላሳ ሁለትን ስጡኝ ብል ሠራተኛው ሳቀብኝ። አክስቴ ወደ ኤደን ልትሻገር ነው፣ ከእኔ ጋር ነይ ትለኛለች። አንተ ነይ ካልኸኝ እመጣለሁ። ግን ከአፍህ ልስማው። ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።»

ቡራሌ ሳቀም፣ አለቀሰም። «ጻፍ፣ ጓድ ጸሐፊ። ሠላሳ ሁለት ከአጥር አይወጣም በላት። የውጭውን ቁጥር ስጣት። ሲያነሱልሽ ሠላሳ ሁለትን በይ በላት። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ማሽኖቹ ሲቆሙ። አንዱ ቢቀር ሌላው፣ ሦስት ቅዳሜ እጠብቃታለሁ በላት።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት የሳምንቱ ጭነት ለአዲስ አበባና ለአሰብ የሚነገርበት ሰዓት ነው። መስመሮቹ ያን ሰዓት እንደሚያዙ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰርካዲስን ብንጠይቃት «ሦስቱ ቢያዙ አራተኛው ክፍት ነው፣ አይዞህ» አለችው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡራሌ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ።

«ጋሽ ቡራሌ፣ በስልክ ሽቶ አይሸትም እኮ!» አለች ሰርካዲስ።

«ለኔ ይሸተኛል። አንቺ መስመርሽን ጠብቂ።»

እስከ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት አጠገብ አልተነሳም። ስልኩ አልጮኸም። ከሰዓት በኋላ ተጠራጥሮ ከተማ ወጣና ደወለልን። ሰርካዲስ ወዲያው አነሳችው። መስመሩ ደህና ነው አልን። በሁለተኛው ቅዳሜም አልጮኸም። በሦስተኛው ሽቶውን አልተቀባም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰርካዲስ ከማዞሪያው ተነስታ እሱ ክፍል ድረስ መጣች፤ በር ላይ ቆማ አይታው ተመለሰች።

ከአሥር ቀን በኋላ ዒሴ ሁለተኛውን ደብዳቤ ሲያቀብለን ዓይናችንን አላየም። «ሰኞ ዕለት በጀልባ ሄደዋል» አለ።

ደብዳቤው አጭር ነው። «አባቴ፣ ሦስቱንም ቅዳሜ ደወልሁ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ማንም አላነሳም። መልስህን ሰማሁ። አልቀየምህም።»

ቡራሌ «ያቺን እንደገና አንብባት» አለኝ። አነበብሁ። «እንደገና።» ለሦስተኛ ጊዜ አነበብሁ።

«ከጮኸ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚያ መንገድ ላይ አልተበላሸም። እኛ ቤት ደርሷል። የኛ ነው።»

ተነሳና ወደ ማዞሪያው ሄደ። «ሰርኬ፣ ሦስቱን መስመር ያዢልኝ። አትልቀቂያቸው። ሣህሉ፣ አንተ ደወሉን ስማ።» ብሎ ወደ ከተማ ወጣ። እኔና ሰርካዲስ ትንፋሻችንን ይዘን ተቀመጥን። ማዞሪያው ጭጭ አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጥምቆት ተመለሰ።

«ስንት ጊዜ ጮኸ?»

«ምንም አልጮኸም» አልሁት።

«በኔ ጆሮ አሥራ ስምንት ጊዜ ጮኋል።»

ሳጥኑን ከፈተ። የኔ ወረቀት እዚያው አለ፤ «አራተኛ መስመር፣ ደህና»። እሱ ወረቀቱን አላየውም። ጣቱን ከኋላ ሰደደና የተቆረጠውን ሽቦ ጫፍ አገኘ፤ እሱ ራሱ ከሦስት ዓመት በፊት አሳምሮ የጠቀለለውን። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁ፤ የመቶ አለቃው፣ ነሐሴ፣ ሁሉም።

«እዚህ ላይ ጥቁር ክር ነበረ።»

«ነበረ» አልሁ።

«የት ነው?»

«ከጥራጊው ጋር ጣልሁት። ቁጥር የለው፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁህም።»

ሰርካዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ቡራሌ ኩርፊያም፣ ቁጣም አላሳየኝም። ከኪሱ ፒንሳውን አውጥቶ ሽቦውን ላጠና ቀጠለው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ይኸው ነበር ሥራው፤ አምስት ደቂቃ።

ወረቀቴን ልገነጥል እጄን ስዘረጋ ያዘኝ። «ተወው። ‹ደህና› የሚለው አሁን እውነት ሆኗል» አለኝ።

ለኤደን በሰው በሰው ብዙ ደብዳቤ ላክን። መልስ አልመጣም። ሞተችም የሚል፣ አለችም የሚል አላገኘንም። ቡራሌ ከእኔ ጋር ሰላምታውን አላቋረጠም። ሕፃን ሲወለድልኝ በግ ይዞ የመጣው እሱ ነው። «ጓድ ጸሐፊ» ብሎ ግን ዳግመኛ አልጠራኝም። ሣህሉ ብቻ ሆንሁ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሰርካዲስን ሦስቱን መስመር አስይዞ ከውጭ ይደውላል። አራተኛው ሲጮኽና «አቤት» ስትለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰርኬ» ብሎ ይዘጋል።

በሚያዝያ ሰማንያ ሁለት ሆስፒታል ተኝቶ ስጠይቀው ነገሩን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ያን ሽቦ በየቀኑ እንደማስበው ነገርሁት። እጄን ይዞ ተናገረ፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ።

«ሣህሉ፣ ያኔ በልጅነቴ ደቻቱ ላይ እንጨቱን ይዤ ሳለሁ አንድ የማላውቀው ኦሮሞ ከዳር ቆሞ ይጣራ ነበር። ‹አይቼሃለሁ፣ አትልቀቅ፣ አለሁልህ› ይለኛል። ሊደርስብኝ አልቻለም። ግን ውሃው እስኪጎድል ድረስ ድምፁን አላቋረጠም፤ ጉሮሮው እስኪዘጋ። ሰው ሁሉ እንጨቱ አተረፈው ይላል። እንጨቱ አይደለም፣ ወላሂ። እኔም ለልጄ ያንኑ ልላት ነበር። ነይ ይሁን ቅሪ፣ ያ ኋላ ነው። አለሁልሽ። ይህችን ብቻ።»