በጎረቤቴ ፍሪጅ የከረመው ወይን ጠጅ

ባለቤቴ ሸሚኖ ነበር፤ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛን የምትጠራው እንደዚያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በመተሐራ በኩል ሲመላለስ፣ ከሐዲዱ ዳር የተዘረጋውን ጥቁር ድንጋይ እያየ ኖረ። እሳተ ገሞራ ተፍቶት የረጋ ድንጋይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አብሬው ስሄድ የቃጠሎ ጠባሳ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን ይወደው ነበር። እንዲህ ያለው ድንጋይ አርጅቶ አፈር ሲሆን የሚያህለው የለም ይለኝ ነበር። ለባቡር ሰው አፈር ምን ቤቱ ነው እያልኩ እስቅበት ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ሊጠይቀው መጣ። ሰውየው በስምጥ ሸለቆ ወይን እርሻ ተቀጥሮ ነበርና አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞለት ነበር። ወይኑ የበቀለው ከእሳተ ገሞራ በወጣ አፈር ላይ ነው ሲለው፣ ባለቤቴ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። አልከፈተውም። ለልጃችን ሠርግ ይሁን አለ። ባልደረባው የድሬ ሙቀት እንደሚያበላሸው ስለነገረው ፍሪጃችን ውስጥ አስተኛው።

ሠርጉ ሳይደርስ ሞተ። ሠርጉም ተራዘመ።

ጥቁር ልብሴን ገና ሳላወልቅ ፍሪጁ ተበላሸ። ሠሪው መጥቶ ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎኝ ሄደ። ሙቀቱ የጀመረ ሰሞን ነው። ምግብ ቢበላሽ ግድ አልነበረኝም፤ ለብቻዬ ምን ያህል እበላለሁ። የጨነቀኝ ጠርሙሱ ነው። እሱ አስቦት ሳይፈጽመው የቀረ ነገር ያ ብቻ መሰለኝ። እሱም ከተበላሸ ለልጄ ከአባቷ ምን እሰጣታለሁ እያልኩ ተብሰለሰልኩ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትነግዳለች። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ንግዷን ትታ ምንጣፍ ላይ አብራኝ የሰነበተች እሷ ናት። ጠርሙሱን በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ምን እንደምላት አላሰብኩም ነበር። ነጠላውን አየችና ጠበል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እሷም እጇን ታጥባ ተቀበለችኝ። የላይኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርጋ ለብቻው አኖረችው። ለቤተሰቡም የሰው ሃይማኖት ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብላ አስጠነቀቀች። ይህን ሁሉ ስታደርግ እዚያው ቆሜ አይ ነበር።

ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ረመዳን ገባ። ከገባ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ከበደኝ። ማፍጠሪያ ሲደርስ ሳምቡሳ ትልክልኛለች፣ ከዚያው ፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ውኃም ትጨምርልኛለች። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ።

ዒድ ካለፈ በኋላ የልጇ ልጅ ታመመች። ጤና ጣቢያ ወስደዋት መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር፤ ትኩሳቱ ግን አልለቅ አላት። አንድ ቀን በቀትር ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆመች። ሻርፗ ከራሷ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

«እህቴ፣ ከዚያ ጠበልሽ ትንሽ ግንባሯን ላብስላት፤ አንድ ጉንጭም ላጠጣት። እኔ ዱዓ አድርጌያለሁ፣ ያንቺም ይጨመርበት።»

ሌላ ውሸት ፈለግኩ። ያለ ቄስ አይሰጥም ልላት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቱ ከግድግዳው ማዶ ስታቃስት ይሰማኛል።

«ጠበል አይደለም» አልኳት።

«ምንድነው ታዲያ?»

«ወይን ጠጅ ነው። የእሱ ነው።»

«አቦ ተይ፣ አትቀልጂ።»

ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሏት እጄን ያዘችኝ። ፊቴን አይታ ለቀቀችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ረመዳኑን በሙሉ?»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ እንዴት በቀለለኝ። ምራቷ ሰምታ እንደሆነ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ አንቺው አውጪው አለችኝና ወደ ቤቷ ቀደመችኝ። እኔ ጠርሙሱን ሳወጣ እሷ ልጅቱን ታቅፋ ባጃጅ ለመጥራት ወጣች። ወደ ሌላ ሐኪም ወሰደቻት። ሲመለሱ ፍሪጁ ሲታጠብ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ውኃው ቶሎ አልቆመም።

በማግስቱ ጠርሙሱን ከፈትኩት። መክፈቻ ስለሌለኝ ቡሹን በማማሰያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት። በሻይ ብርጭቆ ስቀዳው ወደ ጥቁር ያደላ ቀይ ሆኖ ታየኝ። ጥሬ የዘይቱን ፍሬ እንደበላ ሰው ምላሴን ያዘኝ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ የነካው ድንጋይ የሚሸት ነገር አፌ ውስጥ ቀረ። ደግ ይሁን የተበላሸ መለየት አልቻልኩም። የሚያውቀው እሱ ነበር። ይህን በልጄ ሠርግ ላይ ማቅረብ እንደማልችል ግን አወቅኩ። የቀረውን ወደ ደቻቱ ደረቅ ወንዝ ወርጄ አሸዋው ላይ ደፋሁት። አላፊ አግዳሚው ጥቁር የለበሰች ሴት ጠርሙስ ይዛ ያያል፤ ያለውን ይበል ብዬ ቀና አላልኩም።

ልጅቱ ዳነች። መዳኗን ጎረቤቴ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ይቅርታ ስለምናት አውፍ ብዬሻለሁ፣ አብሽሪ አለችኝ። ከልቧ እንደሆነ አምናለሁ። ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር ኖሮ ሰፈሩ በነገረኝ ነበር።

የጾም ወጥ ስሠራ አሁንም እወስድላታለሁ። ድሮ ሥጋ የሌለበትን ምግቤን በቁሟ ትቀምሰው ነበር። አሁን ክዳኑን ታነሳና ለአፍታ ታየዋለች። አትጠይቀኝም፤ እንዳላፍር ብላ ነው። ስለዚህ እኔ እቀድማታለሁ።

«ምስር ነው» እላታለሁ። «ዘይትና ሽንኩርት እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።»

«እሺ» ትላለች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።