አስራ አራተኛው ኪከር

እስቲ ይህን ወረቀት እዩት። ከቢጫ ደብተር የተገነጠለ ነው። አናቱ ላይ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል «ኪከርስ» ይላል። ከሥሩ ከአንድ እስከ አስራ ሰባት ቁጥር ተደርድሯል፤ በየቁጥሩ ፊት የአንድ ልጅ ስምና አንድ መስመር አስተያየት አለ። አምስተኛውን መስመር እዩ፣ ተፍቋል። አስራ አራተኛውም ተጽፎ ተፍቋል፣ ተፍቆ ተጽፏል፤ ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ። ይህን ያደረገው ሰው ከአምስት እስከ አስራ አራት ያለችውን መንገድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲመላለስባት ከርሟል።

ሰውየው በፈቃዱ ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ይሠራል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል፣ በሩን ይከፍታል። ሜትሮ ላይ አንድ ሰዓት ሲሄድ አንድ ሰዓት ሲመለስ፣ ሰው አንብቦ ወንበር ላይ የተወውን የጋዜጣ የስፖርት ገጽ ይለቅማል። ሌላው ሀበሻ የእግር ኳስ ውጤት ሲፈልግ፣ እሱ ግን የሚፈልገው ያንን በእጅ እየያዙ የሚሯሯጡበትን፣ የራስ ቁር አድርገው የሚጋጩበትን የፈረንጅ ፉትቦል ነው። እሱንም የትልልቆቹን ክለቦች አይደለም፤ የኮሌጆቹን።

በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ድራፍት የሚሉት ነገር አለ። ትልልቆቹ ክለቦች ኮሌጅ የጨረሱትን ልጆች በተራ በተራ ስማቸውን እየጠሩ ይወስዳሉ። የተጠራ ተጠራ፤ ያልተጠራ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። በፈቃዱ ከዚያ ቀን በፊት ልጆቹን በየፖዚሽናቸው ለይቶ ደረጃ ያወጣላቸዋል። ኳሱን የሚያከፋፍሉት ኳርተርባኮች ለብቻ፣ መንገድ የሚዘጉት ታክልና ጋርዶች ለብቻ፣ በእግራቸው ኳሱን በሁለቱ ቋሚዎች መሀል የሚልኩት ኪከሮች ለብቻ። «ኳርተርባክን ከጋርድ ጋር ማወዳደር የበግ ሌጦን ከበሬ ቆዳ ጋር ማወዳደር ነው» ይላል።

ይህን የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። አገር ቤት ሳለ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ደረጃ መዳቢ ነበር። ቆዳው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ፊቱን ታያለህ፣ ትገለብጠዋለህ፣ ጀርባውን ታያለህ። የቢላ ጭረት፣ የመዥገር ንክሻ፣ የጅራፍ ጠባሳ። ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ውዳቂ ትላለህ። የማን እንደሆነ አትጠይቅም። ነጋዴው አጎትህ ቢሆንም ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

እዚህም የሚሠራው እንደዚያው ነው። ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ድምፁን ያጠፋዋል። «ኮሜንታተሩ ነጋዴ ነው» ይላል። ደብተሩ ላይ የሚጽፈው የማሊያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙን ሚስቱ ጸዳለ በኋላ ትሞላለታለች። መኪናውን ፓርኪንጉ የሚያቆም አንድ ጠበቃ አንድ ቀን ወረቀቱን አይቶ ኮፒ አደረገና ቢሮው ውስጥ በተነው። በዓመቱ በፈቃዱ ሁለተኛ ያደረገው፣ ጋዜጦቹ ስሙን እንኳ ያልጠሩት አንድ ጋርድ በጊዜ ተጠራ። ጠበቃው ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ በመስታወቱ ቀዳዳ አንገቱን አስገብቶ ሳመው። ከዚያ ወዲህ የበፈቃዱ ወረቀት ከአሌክሳንድሪያ እስከ ዩ ስትሪት ተሰማ።

አሁን ወደ ወልደአምላክ እንምጣ። ወልደአምላክ ታክሲ ይነዳል። አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ የተጫወተ ሰው ነው። በፈቃዱ በፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ አንድ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ የተቀበለው እሱ ነው። ሶፋው ላይ አስተኛው፣ መንጃ ፈቃድ አስወጣው፣ ፓርኪንጉን አስቀጠረው። ያ ሶፋ ደግሞ ፊቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ነበር። ሥራ ያልነበረው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ያያል? በፈቃዱ ይህን ጨዋታ ያወቀው በወልደአምላክ ሶፋ ላይ ነው።

የወልደአምላክ ልጅ አዶኒያስ በዘጠና ስድስት አንዲት ትንሽ የቨርጂኒያ ኮሌጅ ሊጨርስ ነበር። ኪከር ነው። የሀበሻ ልጅ! ከልጅነቱ አባቱ ፓርክ እየወሰደ ያስመታው ስለነበር እግሩ የፈረስ ነው። ማኅበረሰቡ አበደ። ቤተክርስቲያን «አንደኛ ነህ»፣ ክርስትና ላይ «አንደኛ ነህ»፣ ዘጠነኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላት ጌጤነሽ ደግሞ «እንኳን ደስ ያለህ አዶኒያስ» የሚል የጨርቅ ጽሑፍ አሠርታ ጨርሳ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መሀል የአንድ ሌላ ኪከር ስም የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ማርች ላይ ወልደአምላክ ሦስት ቪድዮ ካሴት ይዞ ፓርኪንጉ መጣ። የሰርግ ካሜራማን ቀጥሮ ያስቀረጸው ነው።

«በፌ፣ ሙት፣ ስንተኛ ነው?»

«ገና አላየሁትም እኮ።»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? የኔ ልጅ ነው!»

«ለዚያ ነው ማየት ያለብኝ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቆዳ መሰለህ? ልብ አድርገህ እይ፣ ታለቅሳለህ!»

በፈቃዱ አየ። ካሜራማኑ ሰርግ የለመደ ስለሆነ ኳሱ ሊመታ ሲል ካሜራውን ወደ እናትየው ወደ ትብለጥ ያዞራል፤ ትብለጥ ስትጸልይ፣ ትብለጥ እንባዋን ስትጠርግ። ኳሱ የት እንደገባ የሚታወቀው ከትብለጥ ፊት ነው። እንደዚያም ሆኖ ሠላሳ ስምንት ምት በደንብ ይታያል። በፈቃዱ የእጅ ሰዓቱን ይዞ አንድ በአንድ ለካ። ኳሱ ወደ ኋላ ከተወረወረበት እስከ ተመታበት ጥሩ ኪከር አንድ ነጥብ ሦስት ሴኮንድ ይፈጅበታል። አዶኒያስ አንድ ነጥብ ስድስት። ሁለት እርምጃ ያበዛል። ወደ ኋላ ሄዶ፣ ቆም ብሎ፣ ተንደርድሮ ነው የሚመታው። ፔናልቲ ነው የሚመታው! አባቱ እንዳስተማረው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ያስኬዳል፤ ትልልቆቹ ዘንድ ግን በዚያች በሦስት አስረኛ ሴኮንድ ውስጥ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሰው ፊትህ ላይ ይደርሳል።

በዚያው ሳምንት ልጁ ራሱ ደወለ።

«ጋሽ በፈቃዱ፣ ኦነስትሊ፣ ሁሉም ሰው ናምበር ዋን ነህ ነው የሚለኝ። አይ ዶንት ኖው። ኮሌጁ ማስተርስ በነፃ ሰጥቶኛል፣ ኢንጂነሪንግ፣ እያስተማርኩ። ግን እስከ ኤፕሪል ፊፍቲን ደብዳቤውን ሳይን ካላደረግኩ ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። ዳዲ ተወው ይላል፣ ድራፍቱ በአምስተኛው ቀን ነው፣ ሁለት ቦታ አትረግጥም ይላል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እርስዎ ወረቀቱ ላይ የሚጽፉትን አምናለሁ። ዛትስ ኢት።»

በፈቃዱ ስልኩን ዘግቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። በዓመት የሚጠሩት ኪከሮች ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። አስራ አራተኛ ብሎ ጻፈ። ፋቀው። አምስተኛ አለ።

«አምስተኛ አድርገውና ተገላገል» አለች ጸዳለ። «ማን ይሞታል?»

«አምስተኛ ካልኩት እጠራ ይሆናል ብሎ የኮሌጁን ደብዳቤ ቀዶ ይጥላል።»

«ሰባት ወር ያስተኛህ ሰው ነው በፈቃዱ። ነገ ሰው ምን ይላል?»

ሰው ምን ይላል! ይቺ ናት የምታናድደው። ይሉኝታ እንላታለን፣ ጨዋነት እንላታለን፣ በቁልምጫ እናሳድጋታለን፤ እሷ ደግሞ ልጆቻችንን ትበላለች። ድምፁ ለማይወጣ ልጅ «መልአክ ነህ» እንላለን፣ ሂሳብ ለማይገባው «ዶክተር ነህ» እንላለን፣ እሱ ሲወድቅ እኛ እዚያ የለንም። ምግባችንን በልተን፣ አጨብጭበን፣ ወደ ቤታችን ገብተናል። ለመሆኑ ያንን ሁሉ «አንደኛ ነህ» ያለው ሰው አዶኒያስ ያን የኮሌጅ መቀመጫ ቢያጣ ሌላ መቀመጫ ያመጣለት ነበር? አያመጣለትም። ጌጤነሽ ጨርቋን ታጥፍ ነበር፤ አለቀ።

ያን ዓመት ፋሲካ ከድራፍቱ በፊት ባለው እሑድ ዋለ። ማግስቱ ሰኞ የደብዳቤው የመጨረሻ ቀን ነው። የወልደአምላክ አፓርታማ በእኩለ ቀን በሰው ተሞልቶ፣ ሁለት ወር የጾመ ሁሉ ሥጋው ላይ ሰፍሮ ነበር። በፈቃዱ ልጁን ለብቻው ሊያናግረው አስቦ ነበር የመጣው። ወልደአምላክ ግን ገና ከበሩ ያዘው።

«ዝም በሉ! በፌ ወረቀቱን ይዟል! አንብብላቸው!»

«ወልዴ፣ በኋላ ይሻላል።»

«ምን በኋላ! በዓል ነው፣ አንብብ!»

በፈቃዱ መነጽሩን አደረገ። አንደኛ ብሎ ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ጠራ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ቤቱ ፈገግ እንዳለ ነው። አምስተኛ። ስድስተኛ። ማላመጥ ቆመ።

«ከመጨረሻው ጀምሮ ነው የሚያነበው!» አለች ጌጤነሽ። ሁሉም እፎይ ብሎ ሳቀ።

በፈቃዱ አልሳቀም። ዘጠነኛ አለ። አስራ ሁለተኛ አለ። ላብ በመነጽሩ ሥር ይወርዳል።

«አስራ አራተኛ፣ አዶኒያስ ወልደአምላክ። እግሩ ጠንካራ ነው። ሁለት እርምጃ ያበዛል።»

«ማነው አስራ አራተኛ?» አለ ወልደአምላክ።

«ፔናልቲ ነው የሚመታው ወልዴ።»

«ታዲያ ኳስ እንዴት ነው የሚመታው?»

«ፔናልቲ ላይ ማንም አይደርስብህም። እነዚህ ይደርሳሉ።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ ወልደአምላክ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ። «ሰባት ወር ሶፋዬ ላይ ተኝተህ! ሰባት ወር!»

«ሰባት ወር ከሁለት ሳምንት» አለ በፈቃዱ። «አንድ ቀን መቼ ነው የምትወጣው ብለህ አላየኸኝም። ይህን ያደረገልኝን ሰው ልጅ ነው ዋሸው የምትለኝ?»

ሁሉም ሳህኑን ማየት ጀመረ። የተናገረችው ትብለጥ ናት።

«በፈቃዱ፣ ልጄ ቅዳሜ ይጠራል አይጠራም?»

«አይጠራም ትብለጥ። ከሠለጠነ በዓመት በሁለት ዓመት ሊስተካከል ይችላል። አሁን ግን አይጠራም።»

ትብለጥ ተነሳች። ከፍሪጁ አናት ላይ ደብዳቤውን አወረደች፣ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ወጥ በመዳፏ ጠረገችና ደብዳቤውን ልጇ ፊት አኖረችው። እስክሪብቶም ሰጠችው። አዶኒያስ አባቱን አየ። አባቱ መስኮቱን ያያል። ልጁ ፈረመ። ከዚያ ተነስቶ በፈቃዱን ጉልበቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሊስመው ሲል በፈቃዱ ብድግ አደረገው። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ ልጁ፤ በእንግሊዝኛ አልነበረም።

በፈቃዱና ጸዳለ ሳይበሉ ወጡ።

ቅዳሜና እሑድ ስሞቹ ተጠሩ። በፈቃዱ መስታወት ሣጥኑ ውስጥ ሬዲዮ ይዞ ተቀመጠ፤ በልቡ ግን ተሳስቼ በሆነ እያለ ነበር። አልተሳሳተም። እሑድ ማታ የመጨረሻው ስም ተጠርቶ ሲያልቅ ሬዲዮውን ዘጋና ትኬት መቀበሉን ቀጠለ። አልተደሰተም። ማን ይደሰታል?

ወልደአምላክ አምስት ወር አላናገረውም። ቤተክርስቲያን ሲገናኙ በሌላ በር ይወጣል። በፈቃዱን የፋሲካ ለታ ወሬ በሄደበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቀዋል፤ «ቀናተኛ» ተባለ፣ «ውለታ ቢስ» ተባለ። አዶኒያስ ግን ሴፕቴምበር ላይ የመጀመሪያውን ክፍል አስተምሮ ሲወጣ ለአባቱ ደውሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቆም አወራ። ምን እንዳለው አባትየው ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ አንድ ታክሲ ፓርኪንጉ በር ላይ ቆመ። ትኬት አልወሰደም። ከኋላው ሦስት መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

«በፌ።»

«አቤት ወልዴ።»

«ደረጃ አውጣልኝ።»

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ። አባት በሚለው ፖዚሽን። ስንተኛ ነኝ?»

በፈቃዱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «እንግዳ ተቀባይ በሚለው አንደኛ ነህ። ሁለተኛውን እስካሁን አላየሁም።»

«አባት አልኩህ እኮ!»

«እሱን ገና እያየሁ ነው። ካሴቱ ላይ ካሜራው ሁልጊዜ ትብለጥ ላይ ነበር።»

ወልደአምላክ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ሲስቅ ቆየና ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እግዜር ይስጥህ» አለ። «ልጄን አተረፍክልኝ። አሁን በሩን ክፈት፣ ይህ ፈረንጅ ሊገጨኝ ነው።»

በፈቃዱ በሩን ከፈተ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ በሕይወታችሁ «አስራ አራተኛ ነህ» ያላችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁሉም ሲያጨበጭብ ያላጨበጨበ፣ እናንተም የተቀየማችሁት። ያ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬ ደውሉለትና አመስግኑት። ነገ አትበሉ፤ አሁን ደውሉ።