ጀግናው ከማን ጋር ይብላ?

ልጅ ሳለሁ፣ ገርጂ ገና ከቤቱ ይልቅ ሜዳው በሚበዛበት ጊዜ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የምንሮጠው ወደ አባባ ሙሄ ሱቅ ነበር። አባባ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው፤ ፋኖሳቸውን በሩ ላይ ሰቅለው፣ ደጃፉ ላይ በከሰል በቆሎ እየጠበሱ ተረት ይነግሩናል። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ንቅንቅ የሚል አልነበረም።

አባቴም ይመጣ ነበር። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው፤ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ቤትም ቢሆን ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ በልቶ አያውቅም። እናቴ ለብቻው በሳህን ታቀርብለታለች፤ ለምን ስንላት «ጨጓራውን ስለሚያመው ነው» ትለናለች፤ እኛም አምነናት ኖርን።

ያኔ ልባችን ያለው ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ቀን ጭንብል ያጠለቀ፣ በሰማይ የሚበር፣ ጥይት የማይበሳው ሰው አይተን ስንመለስ፣ እንደዚያ ያለ ተረት ካልነገሩን ብለን አባባ ሙሄን ወጥረን ያዝናቸው። ሳቁና ጀመሩ። የእሳቸው በራሪ ሰው መንደር የሚያቃጥለውን ክፉ አሳዶ አሳዶ፣ አንገቱን ይዞ ገደል አፋፍ ላይ አንጠለጠለው። «ይልቀቀው! ይልቀቀው!» ብለን ጮህን፤ ከሁሉም የእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ለቀቀው። አጨበጨብን።

አባባ ሙሄ ግን በቆሎውን አገላብጠው ቀጠሉ። መንደርተኛው በሬ አርዶ ጀግናውን ብላ ቢለው እምቢ አለ። በእሳቸው አገር ሰው የገደለ ሰው፣ ሽማግሌዎች ከሟቹ ዘመዶች ጋር አስታርቀው ደሙን ሳያደርቁለት ከሰው ጋር ገበታ አይቀርብም። ስለዚህ ያ በራሪ ሰው ድርሻውን ይዞ ከአጥሩ ጀርባ ለብቻው በላ።

በገንኩ። «ክፉ ነበር እኮ አባባ! ባይገድለው መንደሩ ያልቅ አልነበር?»

«ያልቅ ነበር ልጄ፣ ልክ ነሽ» አሉኝ። «ግን ያም ክፉ የእናት ልጅ ነበር። ጀግናው ይህን አልረሳም። እና ማነው ሄዶ አብሮት የሚበላው?»

«እኔ!» አልኩ በእልህ። «እኔ አብሬው እበላለሁ!»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። አባቴ ፊቱን ወደ ጨለማው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባባ ሙሄ ከፍሙ ላይ አንድ በቆሎ አንስተው ሰጡኝና በዓይናቸው ወደ እሱ አመለከቱኝ። ሄጄ ጉልበቱ ላይ ተቀመጥኩ። በቆሎውን እየፈለፈልኩ አንዴ እሱን አጎረስኩ፣ አንዴ ራሴ ጎረስኩ። በላ።

ዛሬ ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «ግደለው!» እያሉ ሲጮኹ፣ እኔ የማስበው ጀግናው ከዚያ በኋላ የት እንደሚበላ ነው። አባቴንም ሆነ እናቴን እውነት ጨጓራው ነበር ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ብቻ ያን ማታ ቤት ስንገባ፣ እናቴ እንደ ልማዷ የአባቴን ሳህን ስታነሳ «ተይው» አላት። እጁን ታጠበና መጥቶ ከእኛ ትሪ ዳር ተቀመጠ።