ከነጥቡ በኋላ የጠፋው ውኃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ሳለሁ ነው። አሁንም የፎገራ ስም ሲነሣ ፊቴ ይግላል።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ርብ ወንዝ ላይ የተተከለ መሣሪያ የውኃውን ከፍታ ከባሕር ወለል ጀምሮ እየለካ በስልክ መስመር ይልክልን ነበር። እዚያው ቦታ አንድ አዛውንት በየጠዋቱ ውኃው ውስጥ የቆመውን ባለቁጥር ብረት አይተው ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። እኔ ሳልመጣ ስንት ክረምት የሠሩት ሥራ ነው።

አንድ ሰሞን ደብተራቸውና መሣሪያዬ አልስማማ አሉ። እሳቸው ውኃው በሁለት ቀን ከስንዝር በላይ ጨምሯል ይላሉ፤ የእኔ ኮምፒውተር ንቅንቅ አላለም ይላል። ገበሬው ደግሞ ከብቱ ከሜዳው ይውጣ ወይስ ይቆይ ለማለት ቀበሌ ተሰብስቧል።

«ውኃው እየመጣ ነው፤ ዛሬውኑ አውጡ» አሉ አዛውንቱ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተነሥቼ «አባቴ፣ ወንዙ ድረስ ሄደው ነው ወይስ ቤትዎ ተቀምጠው ነው የሚጽፉት?» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ደብተራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ከብቱ እንዲቆይ ተወሰነ።

በማግሥቱ ርብ ሞልቶ ሩዙን ውጦት አደረ። ከብቱ ወገብ በሚደርስ ውኃ እየተጎተተ ወጣ፤ እግዜር ይመስገን፣ የሞተ የለም። ሰው ሁሉ ሌሊት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ያመጣው ነው አለ።

እኔ ግን ስላልቆረጠልኝ ኮዱን ከፈትኩ። መልእክቱ እንዲያጥር ብዬ የከፍታውን ባለነጥብ ቁጥር ከሠላሳ ሁለት ቢት ወደ አሥራ ስድስት ቢት፣ ማለትም ወደ ግማሽ ቦታ፣ የቀየርኩት ራሴ ነኝ። ቁጥሩ ከሺህ ካለፈ፣ የርብ ከፍታ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ ነው፣ በአሥራ ስድስት ቢት ውስጥ ከነጥቡ በኋላ ላለው ቦታ አይተርፍም። ሜትሩ እስኪሞላ ድረስ መሣሪያዬ ለውጥ አያሳይም ማለት ነው። ስንዝሩን የበላሁት እኔ ነበርኩ።

ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ «የሰደብሽኝ ግን እዚህ ቤቴ መጥተሽ አልነበረም» አሉኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጥፋቴን በሰው ፊት ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ «መሣሪያው ተሻሽሏል» ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ነበሩ።

አሁን ወረታን ለቅቄያለሁ። ይኸው ለማያውቁኝና ለማላውቃቸው ሰዎች እየተናዘዝኩ ነው። ያን ቀን የሳቁት ግን አዛውንቱ ቤታቸው ተቀምጠው እንደሚጽፉ ዛሬም ያምኑ ይሆናል።