በወረቀት የተደረሰ ለቅሶ

ኦቦ ገቢሳ አሁን የሚኖሩት አምቦ ነው። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት አለፋቸው፤ ልባቸው ግን ዛሬም ከካቺሲ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ጉብ ባለችው ጤና ጣቢያ ነው ያለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪዋ ዓይን እሳቸው ነበሩ! ማይክሮስኮፑ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚለቅም አሮጌ ነበርና፣ ደመና ከሆነ ሥራ የለም። ፀሐይ ብቅ ካለች ደግሞ የጀመሩትን ሻይ ትተው፣ "ጠራችኝ!" እያሉ ይሮጣሉ። ወይ ያ ጊዜ!

በ2008 ዓ.ም. ሃዋኒ የምትባል የገደል ሥር ልጅ ጉንጯ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዛ መጣች። መንደሩ "የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው" ብሎ ፈርዷል። ኦቦ ገቢሳ ከቁስሉ ጠርዝ ጫር አደረጉ፣ ቀለም አስነኩ፣ ፀሐይ ጠብቀው አዩ። ቁንጭር! ሽኮኮ በሚርመሰመስበት ዋሻ የምትኖር፣ ከትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስተላልፈው ተውሳክ።

ጣጣው ቅጹ ላይ ነበር። "በሽታው የያዘው የት ነው?" ይላል። ከላይ በወረደው የቁንጭር ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ግን የእነሱ ወረዳ የለም። "እዚሁ" ብለው ጽፈው ቢልኩ "ይስተካከል" ተብሎ ተመለሰ። ደግመው ላኩ፤ አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ብልሃት መጣላቸው። በዚህ አገር ለለቅሶ የሄደን ሰው ማን "ለምን ሄድክ?" ይለዋል? ስለዚህ ከዝርዝሩ ወሎን መርጠው "አጎቷ ሞቶ ወሎ ለቅሶ ደርሳ" ብለው ጻፉላት። ቅጹ ሰተት ብሎ አለፈ! ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላቸው፤ በሰባት ዓመት አርባ አንድ ሰው ወሎ ለቅሶ አደረሱ።

ወረቀቱ እንዲያ ስላለ "እዚያ ቁንጭር የለም" ተባለ። ለሌለ በሽታ ደግሞ መድኃኒት አይመደብም። ሃዋኒ መርፌውን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ዳነች፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ብዙዎቹ መሄጃም አጡ።

በ2015 ዓ.ም.፣ የኦቦ ገቢሳ ጡረታ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ዶክተር ፍቅርተ የምትባል ተመራማሪ መጣች። የተውሳኩን ጂኖም፣ ማለት ሙሉ የዘር ጽሑፉን ፊደል በፊደል አንብባ፣ በሽታው የአገሬው መሆን አለመሆኑን ልትለይ ነው። የአገሬው ከሆነ መድኃኒቱ እዚሁ ይመደባል።

ናሙና የሚቀባበትን የመስታወት ስላይድ አጥቦ ደግሞ መጠቀም የጤና ጣቢያው ወግ ነበር። የቁንጭሮቹን ግን ኦቦ ገቢሳ ለማጠብ እጃቸው እምቢ ስላላቸው፣ በሻይ ቅጠል ካርቶን ደርድረው አኑረዋቸዋል። ዶክተሯ ስታያቸው በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ቅጾቹን ስታነብ ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ጋሽ ገቢሳ፣ እነዚህ አይሆኑኝም። ሁሉም ከወሎ ይዘውት የመጡ ናቸው።"

"ሁሉም?" አሉ፣ የማያውቁ መስለው።

"አርባ አንዱም! ምን ዓይነት ሐዘን ነው ይህን ወረዳ የመታው?"

የድሮ ታካሚ ናት ተብላ የተጠራችው ሃዋኒ ከአግዳሚው ብድግ አለች። "ወሎ? እኔ? እኔ እኮ አምቦን እንኳ ያየሁት ለመርፌው ስሄድ ነው!"

"አጎትሽ ሞቶ ይላል።"

"አጎቴ ጂራ? ትናንት ገበያ ውሎ በሬ ሲያማርጥ አልነበር እንዴ!"

ኦቦ ገቢሳ አቀርቅረው ቅጾቹን አገላበጡ። ዝም ካሉ ስላይዶቹ ተጥለው መድኃኒቱ ይቀራል። ከተናገሩ በመንግሥት ሰነድ ላይ ሐሰት መጻፋቸው ይወጣል፤ ጡረታቸው አፋፍ ላይ ነው። ቀና ሲሉ የሃዋኒን ጠባሳ አዩ።

"አጎትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሌሎቹንም።"

ነገሩን ሲያስረዱ ሃዋኒ በቁጣ ጀምራ በሳቅ ጨረሰች። "ኦቦ ገቢሳ! አጎቴን ገድለው ተዝካሩን እንኳ ሳያበሉኝ?"

እዚያው ቁጭ ብለው አርባ አንድ ማረሚያ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም ፈረሙ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣባቸው፤ ጡረታቸውን ግን ማንም አልነካባቸውም።

ጂኖሙ የተነበበው ኦቦ ገቢሳ ጡረታ ወጥተው አምቦ ከገቡ በኋላ ነው። የስላይዶቹ ተውሳኮች የአንድ ቤት ልጆች ይመስል እርስ በርስ የሚዛመዱ፣ በገደሉ ዝንቦች ውስጥ ከተገኘውም ጋር የሚገጥሙ ሆኑ። ወሎን በሩቁም አያውቁትም!

አንድ ጠዋት ስልካቸው ጮኸ።

"ኦቦ ገቢሳ፣ አካም ጂርቱ! ሃዋኒ ነኝ። መርፌው ጤና ጣቢያችን መጣ! አሁን የጎረቤቴ ልጅ ጋዲሴ እየተወጋች ነው፤ ስትጮህ ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል። ስልኩን እንዳትዘጊው።"

ስም የምትጠራዋን ነርስ ሰሙ፤ የአግዳሚውን መንቋቋት፣ ወረፋዬን ወሰድክ የሚባባሉትን ገበሬዎች፣ ከጓሮ የሚጮኸውን አውራ ዶሮ ሳይቀር ሰሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ኦቦ፣ ካርዴ እያለቀ ነው እኮ!"

"እኔ እደውልልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትይ" አሉ።