በሁለት ሽጉጥ ወደ ዕርቅ

ሁለት ሽጉጥ በሁለት ብብት ሥር አንጠልጥሎ መዋል የሚያምረው ላልሞከረው ሰው ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሞክሬዋለሁ። ትከሻና ትከሻዬን ይዞ ጀርባዬ ላይ የሚሻገረው ጠፍር ቆዳዬን ልጦታል። ቀትር ላይ ካዛንቺስ ስትግል ኮቴን ማውለቅ አልችልም፤ ምሳ ስበላ ክንዴን ከጎኔ ማራቅ ስላለብኝ ክንፉን እንደዘረጋ ዶሮ ነው የምቀመጠው። ሽጉጡ አንድ ቢሆን ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌ እረሳው ነበር። ሁለቱን መርሳት ግን አይቻልም።

ሐሳቡ የአለቃዬ ነው። አሮጌ ቤት የማፍረስና ፍርስራሽ የማንሳት ሥራ በኮንትራት የሚይዝ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አጃቢው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከዱባይ ሲመለስ ይህን ጠፍራም ማኅደር ጠረጴዛ ላይ ወረወረልኝ። ቡናማ ቆዳ ነው፣ ግራና ቀኝ የሽጉጥ ማስቀመጫ ያለው። «አንድማ ማንም ይታጠቃል። ደብል ሲሆን ነው ሰው የሚያከብርህ፤ ማለቴ፣ የሚያከብረኝ» አለኝ። ይህን ሰው ማን ሊገድለው እንደሚፈልግ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሆቴል ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን ሲጠጣ የእኔ ኮት ትንሽ ገለጥ እንዲል ይፈልግ ነበር፤ የሚቀርበውን ሰው ሁሉ ደግሞ ደባብሼ እፈትሻለሁ፤ በቃ፣ ሥራዬ እሱ ነበር። ልብስ መስቀያ አደረገኝ። ጠላሁት፤ ደመወዜን ግን አልጠላሁም።

የሰፈሬ ሰላምታ ደግሞ መከራ ሆነብኝ። እኛ ጋ ወንድ ከወንድ ሲገናኝ እጅ ይጨብጥና ቀኝ ትከሻውን ከቀኝ ትከሻህ ጋር ያጋጫል፤ ከናፈቅከው ደግሞ አቅፎ ጀርባህን ይመታል። እኔን ያቀፈ ሁሉ ብረት አቀፈ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥሎ አብሮ አደጎቼ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲያዩኝ እጃቸውን አውለብልበው ማለፍ ጀመሩ። በሆዴ ገደል ግቡ አልኳቸው። ማኅደሩን አውልቄ የወጣሁበት ቀን ግን የለም።

ከዚያ ተራው ለእኛ ግቢ ደረሰ። እናቴ አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት ሊፈርስ ቀን ሲቆረጥለት ሥራውን የያዘው አለቃዬ ነበር። ያን ቀን እንዲያስቀረኝ ልለምነው እችል ነበር፤ አልለመንኩትም። ኮቴን ለብሼ ከኋላው ቆምኩ። ሰባት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ የእናታችንን አልጋ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተሸክሞ ሲወጣ አየኝ። አልጋውን መሬት አስቀመጠ፣ ላቡን ጠረገ፣ «ሰውዬውን ከማን ነው የምትጠብቀው? ከእኛ?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ሂድ፣ ዕቃህን አንሳ» አልኩት፤ በጎረቤት ፊት፣ ታላቄን። በዚያው ተቆራረጥን።

እናቴን ወሎ ሰፈር ወደ ተከራየው ቤት ወሰዳት። ሳልታረቀው ደጁን እንዳልረግጥ ማለ። እሷ እግሯን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ዓመት ሙሉ እናቴን አላየኋትም። በስልክ ታለቅሳለች፣ እኔ እጮህባታለሁ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ሌላ ሰው ላይ እጮሃለሁ። በመጨረሻ አጎታችንና የንስሐ አባታችን መሐል ገቡ። ወንድሜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ብረት ሳልይዝ እንድመጣ። እሺ አልኩ፤ በቄሱ መስቀል ፊት እሺ አልኩ።

የዕርቁ ቀን እሑድ ነበር። አለቃዬ ጠዋት ደወለና ደምበል አካባቢ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ጎተተኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲለቀኝ ለዚያች ቀን ሽጉጦቹን ቢሮ ሊረከበኝ የተስማማው ሰው ገና አልገባም ነበር። ለወራት ለሰው ስናገር የኖርኩት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። የቀረው ይኸውና፦ ሾፌራችን «መኪናው ውስጥ ቆልፌ እጠብቅልሃለሁ፣ ስጠኝ» ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለ እነሱ ወንድሜ ፊት መቆም ፈራሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እናቴ ከስታለች። ከወንበሯ ሳትነሳ አንገቴን ስባ ሳመችኝ፤ እኔ ደረቴን አርቄ አንገቴን ብቻ ሰጠኋት። የወንድሜ ሚስት «ኧረ ኮትህን አውልቅ፣ በዚህ ሙቀት» ስትለኝ «ይመቸኛል» አልኳት። አጎቴ ብዙ ተናገረ። አንዱንም አልሰማሁትም፤ የማስበው ስለ ኮቴ ቁልፍ ነበር።

ቄሱ ተነሱ። «በሉ ልጆቼ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሉ። በደንቡ ታናሽ ነው ጎንበስ ብሎ የታላቁን ጉልበት የሚስመው። ጎንበስ ብል ኮቴ ይከፈታል። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አጎቴ በዓይኑ ገፋኝ፤ እናቴ «አንተ ልጅ» አለች። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ኩራት መሰላቸው። ምነው ኩራት በሆነ።

ወንድሜ አየኝና ራሱ መጣ። ታላቅ ሆኖ ሳለ ራሱ መጣ። ትከሻውን ከትከሻዬ ጋር አጋጨና አቀፈኝ። ደረቱ ብረቱን ሲነካ ትንፋሹ ቀጥ አለ። አሁን ይገፈትረኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም እንዲገፈትረኝ ፈለግኩ፣ መጣላቱን ለምጄዋለሁ። አልገፈተረኝም። ጆሮዬ ሥር «አውቄያለሁ። ይሁን፤ እማዬ እያየችን ነው» አለኝና ይበልጥ አጥብቆ ያዘኝ።

እኔም አቀፍኩት። ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ይህንን ነበርና ዓይኔ እንባ አቀረረ። እጆቼ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። ከትከሻው ወደ ጎኑ፣ ከጎኑ ወደ ወገቡ፣ ቀበቶውን ዙሪያውን፣ ከዚያ የኋላ ኪሱን፤ አለቃዬ ጋ የሚቀርበውን ሰው ሁሉ ስፈትሽ እንደማደርገው። አላዘዝኳቸውም። ያወቅኩት ወንድሜ እቅፌ ውስጥ ድርቅ ሲል ነው።

ለቀቀኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ሆቴል በር ላይ ስንፈተሽ ሁላችንም እንደምናደርገው ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ።

«ጨርስ» አለኝ። «እግሬ ቀርቶሃል።»

ቄሱ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። እናቴ የሆነው አልገባትም፤ «ታረቁ እንዴ? ታረቁ?» እያለች ከአንዳችን ወደ ሌላችን ታያለች። ወንድሜ እጁን እንደዘረጋ ነው። እኔም አፍሬ ነበር፤ ግን ራሴን እስከ ዛሬ የምጠላበትን ልንገራችሁ፦ ወገቡ ባዶ መሆኑን እጄ ሲነግረኝ ቀለል ብሎኝ ነበር።