ያልተፋቀው የመኪና በር

በ1956 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ነገሩን ያነሳሁት የልጅ ልጄ ዛሬ የባጃጁን ዝገት ሳይፍቅ ቀለም ሲለቀልቅበት ሽታው ያኔ የሆነውን አስታውሶኝ ስላናደደኝ ነው።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ሙሽራይቱን ከመንደሯ ከቢዮ አዋሌ የምናመጣት በአጎቴ በአብዲ አሮጌ መኪና ነው። የበሯን ታች ዝገት በልቶታል፤ ልብስ ከነካ አይለቅም። አጎቴ ራሱ፣ «ዝገት ካልፋቁት ከቀለም ሥር ተኝቶ ይበላል» ብሎ ሞረድ ሰጠኝ። ጠዋቱን ሙሉ ፋቅሁ። ግማሹ ሲቀር የበርጫ ሰዓት ደረሰና አጎቴ ሞረዱን ነጥቆኝ፣ ጫቱን ታቅፎ ገባ።

«አጎቴ፣ ሠርጉ እኮ ነገ ነው!»

«አቦ ተወና! በዚህ ሙቀት ማን ይሠራል?»

አመሻሽ ላይ መርቅኖ ወጣና ያልተፋቀውን ጭምር ቀለም ቀባው። «ሙሽራ የምታየው ሙሽራውን እንጂ የበር ታች አይደለም» ሲል ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

«ጠዋት ያልከኝስ?»

«እሱ ለሌላ ሰው መኪና ነው!»

በማግስቱ ማለዳ ወንድሜ ሱፉን ለብሶ፣ ሚዜዎቹ ጥሩምባ እየነፉ ሲጠብቁ፣ እኔ ለሙሽራይቱ ቀሚስ ሰግቼ ሞረዱን አነሳሁና ያን ቀለም እንደገና ከሥሩ መፋቅ ጀመርኩ።